ከሰኞ ሦስት ሰዓት ጀምሮ

እኔ ድሮም ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንልኝም። ደብረ ታቦር አውራጃ ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ በሠራሁባቸው የደርግ ዓመታት ወንበሬ ላይ የማርፈው ጣቶቼ ሲሮጡ ብቻ ነበር። ሥራ ከሌለ እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ «ብርዱን አስገባሽብን» ሲሉኝ እዘጋለሁ፣ ደጅ ወጥቼ ባለጉዳዮቹን ቆጥሬ እመለሳለሁ። መዝገብ ቤቱን የሚመሩት ሰውዬ «አንቺ ልጅ፣ ምን ይበላሻል?» ይሉኝ ነበር። ምን እንደሚበላኝ እኔም አላውቅም። ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነርሶቹ «ይቀመጡ እንጂ እማማ» እያሉ ይቆጡኛል።

ሥራዬ ፍርድና ትእዛዝ በጽሕፈት መኪና መምታት ነው፤ አንድ ዋና፣ ሁለት በካርቦን። ከምመታው ሁሉ ጣቴ አብልጦ የለመደው አንድ ሐረግ ነበር፦ «ተከሳሹ ለፖሊስ በሰጠው የእምነት ቃል መሠረት»። ከመዝገቡ ጋር ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ተያይዞ ይመጣል፤ ከግርጌው ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ያ አሻራ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ዳኛው ከዚያ ወዲያ ብዙ አይጠይቁም። ተነሡ ሲባሉ ግድግዳ ይዘው የሚነሡ ተከሳሾች አይቻለሁ። አይቼ መታሁ። እንጀራዬ ነው፣ ደግሞስ እኔ ማን ነኝና ነው የምናገረው? እያልኩ ራሴን እደልል ነበር።

ሕጉን ግን አውቀዋለሁ። ያወቅሁት ተምሬ አይደለም። የዳኛው የሥነ ሥርዓት ሕግ መጽሐፍ አርጅቶ ስለነበር የተቀዳደዱትን ገጾች እንደገና እንድመታላቸው ሰጡኝ። ከእነዚያ ገጾች በአንዱ ላይ፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ማቅረብ አለበት ይላል፤ ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ አይቆጠርም። ከፖሊስ ጣቢያው እስከ ፍርድ ቤታችን ያለው መንገድ አንዲት ሲጋራ ለኩሶ የሚያስጨርስ አይደለም። ያችን አንቀጽ ስመታ ሳቄ መጣ። በዚያ ከተማ ማንም ቆጥሯት አያውቅማ።

እኔ ራሴ መቁጠር የጀመርኩት አንድ የጥቅምት ሰኞ ነው። በጋፋት በኩል ካለው መንደራችን አንድ ጎረቤታችን እየሮጠ መጥቶ ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ አስጠራኝ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ወንድምሽን ወሰዱት» አለኝ።

«ማን?»

«ሃምሳ አለቃው።»

ሃምሳ አለቃው ሲባል የትኛው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ሌሎችም ነበሩ፤ ይኸኛው ግን የውስጥ እግር መግረፍ የሚወደው ነው። እሱ ዘንድ ገብቶ የወጣ ገበሬ ለሳምንታት እርሻው ላይ አይቆምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአምራቾች ማኅበር ሁለት በሬዎች እሑድ ጠዋት በረት ውስጥ ታጡ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ «ማኅበሩ ውስጥ አልገባም፣ በሬዎቼንም አላስገባም» ያለ ሰው ነው። ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ሰኞ ጠዋት ይኸው ጎረቤታችን ወንፈል ጠርቶ፣ መንደሩ ተሰብስቦ ገብሱን እያጨደለት ሳለ፣ ሃምሳ አለቃው ከሁለት ፖሊሶች ጋር በእርሻው ራስ ብቅ አለ። አጫጆቹ ወዲያው ገባቸው። «ገደሉን ውረድ፣ ነገሩ እስኪበርድ እብናት ዘመድ ጋ ሰንብት» አሉት። ገደሉ ከቆመበት ሃያ እርምጃ አይርቅም። ወንድሜ የዚያን ገደል ድንጋይ አንድ በአንድ ያውቀዋል፤ ከወረደ ፖሊስ ቀርቶ ዝንጀሮም አይደርስበት። ማጭዱን እንደያዘ ሄደ። ጠርዙ ላይ ሊደርስ ሲል ሃምሳ አለቃው ከላይ ሆኖ ጮኸ፦

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

ወንድሜ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ ቆመ።

«ሩጥ ስንለው የነበርነው ሁላችንም ቆምን» አለኝ ጎረቤታችን፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። «ነዶ የተሸከመው ከነነዶው።»

በእኛ አገር ይህ ቃል የተጠራበት ሰው ይቆማል። የሚሮጠው ይቆማል፣ ዱላ ያነሣው እጁን ያወርዳል። ድሀ በባላባት ላይ፣ ሚስት በባሏ ላይ ቢጠሩትም ያው ነው፤ የጠራው ሰው ጉዳዩን ተናግሮ እስኪሰማ ድረስ ጥሎ መሄድ ትልቅ ነውር ነው። ማንም ጽፎት አያውቅም፣ ማንም ግን አይስተውም። እናቴ በልጅነታችን ስንጣላ በዚህ ቃል ነበር የምትገላግለን።

«ሃያ እርምጃ!» ብዬ ጮህኩ። «ሃያ እርምጃ ቀርቶት ቆመ?»

«በሕግ አምላክ ተባለ እኮ። ምን ያድርግ?»

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ሰዓት ከሃምሳ አለቃው ይልቅ የተናደድኩት በወንድሜ ነው። ይህን ስህተት የኛ አገር ሰው እንጂ ሌላ ማንም አይሠራውም። የአዲስ አበባ ልጅ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ እብናት በደረሰ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የያዙት?» አልኩት።

ወደ ፀሐይዋ ቀና ብሎ አሰበ። «ሦስት ቢሆን ነው።»

ሰኞ ሦስት ሰዓት። እሮብ ሦስት ሰዓት ላይ አርባ ስምንቱ ይሞላል። እስከዚያ ድረስ አሻራውን ሳይወስዱበት ዳኛ ፊት ማድረስ ነው። ወረቀት ላይ ካሳተሙት በኋላ ፍርዱን የምመታው እኔው ራሴ ነኝ፤ ሐረጉንም ጣቴ ያውቀዋል።

እኩለ ቀን ላይ ዳቦና ጥሬ በመሐረብ ቋጥሬ ጣቢያው ሄድኩ። ዘብ የቆመው ፖሊስ የፍርድ ቤት ሰው መሆኔን ስለሚያውቅ ዳቦውን ቆርሶ አየና በስተኋላ በኩል አሳለፈኝ። የማረፊያ ክፍሉ መስኮት ሽቦ የተወጠረበት፣ ከታች በኩል ሽቦው ለቆ እጅ የሚያሳልፍ ነው። ወንድሜ መጣ። መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቱን ነው። ቀለም የለበትም፤ የገብስ አቧራ ብቻ።

«ወረቀት አምጥተው ነበር» አለኝ። «ሳልጠየቅ ተጽፎ ያለቀ ነው። አንብቤ ካልሆነ አላትምም አልኳቸው።»

ወንድሜ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ ነው። ማንበብ ይችላል፤ ሲያነብ ግን እንደተማረው ጮክ ብሎ፣ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ነው። ወረቀቱን ተቀብሎ «እኔ… ተጠርጣሪው… ሁለቱን… በሬዎች…» እያለ ሲጀምር ቢሮው ውስጥ ያሉት ፖሊሶች ሥራቸውን ትተው ያዳምጡት ጀመር። ሁለተኛው መስመር ላይ ቆም አለና «ይኸ እኔ ያላልኩት ነው» አለ። እንደገና ከላይ ሊጀምር ሲል ሃምሳ አለቃው ነጠቀው። ይህን ሲነግረኝ ትንሽ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከኋላው ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር፤ እሳቸው አልሳቁም።

ማክሰኞ በጠዋት አቤቱታውን እኔው ጻፍኩ፣ እኔው መታሁ፣ እኔው ዳኛው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ዳኛው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ መነጽራቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዳኛ አንድ ቀን ለስብሰባ ተጠርተው ሄደው አልተመለሱም፤ እኚህ የእሳቸውን ወንበር ነው የወረሱት። አቤቱታውን አነበቡና ለጣቢያው ጥያቄ እንድጽፍ አዘዙኝ፦ ይህ ሰው በእናንተ ዘንድ ተይዟል ወይ? መታሁ። ተላላኪው ወሰደ። ከሰዓት በፊት መልስ መጣ፤ ማኅተም አለበት፣ ፊርማ አለበት። «በጣቢያችን መዝገብ በተጠቀሰው ስም የተያዘ ሰው የለም።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሃምሳ አለቃው ሞኝ አልነበረም። መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ሰው አልተያዘም፤ ያልተያዘ ሰው ሰዓት አይቆጠርለትም። አሻራው ሲገኝ ያኔ «ዛሬ ተያዘ» ብሎ ይጽፈዋል። ሕጉን አልጣሰም፤ ሰዓቱን አላስጀመረውም።

ምሳ ይዤ ሄድኩ። ወንድሜ ወደ መስኮቱ የመጣው በጉልበቱ ነው። ሽቦውን ይዞ ቀና አለና «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» አለኝ። እግሩን ማየት አልቻልኩም፤ መስኮቱ ከፍ ያለ ነው። ዓይኑ ስር ጠቁሯል። አውራ ጣቱን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ዳቦው ከእጄ አምልጦ ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ሽማግሌው ተነሥተው ከወደቀበት አንሥተው፣ አራግፈው ሰጡት።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ የሚባል አልመጣልኝም ብዬ ብናገር አዲስ ነገር አይሆንም። እሮብ በጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ነበርኩ። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ተኩል አለ፣ ሩብ ጉዳይ አለ። አንዲት ወረቀት መኪናው ውስጥ ከትቼ አወጣሁ፣ ከትቼ አወጣሁ። ሦስት ሲሞላ ብድግ ብዬ ሳላንኳኳ ዳኛው ጋ ገባሁ።

«ሞላ» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«አርባ ስምንቱ ሰዓት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ጣቢያው የለም ብሎ ጽፏል።»

«እኔ ትናንት ምሳ አብልቼዋለሁ!»

«አንቺ ወረቀት አይደለሽም» አሉኝ፤ ስድብ እንዳልሆነ ከድምፃቸው ያስታውቃል። «እኔ የማየው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ የለም ይላል።»

በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። በዳኛ ላይ በር መዝጋት በዚያን ጊዜ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ግን አልቀጡኝም።

የዚያን ቀን ምሳ ይዤ ስሄድ ወንድሜን ጥግ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ወደ መስኮቱ የመጡት ሽማግሌው ናቸው። ዳቦውን ተቀበሉኝና አልሄዱም፤ ፊታቸውን ወደ ሽቦው አስጠጉ።

«ልጄ፣ ለወንድምሽ አቤቱታ ጽፈሻል አሉ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«የኔንም ጨምሪልኝ። ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ልጄ ለውትድርና ሲፈለግ ጠፋና በሱ ፈንታ እኔን አመጡኝ። የት እንዳለ አላውቅም። አይጽፉኝም፣ አይጠይቁኝም፣ ፍርድ ቤትም አያቀርቡኝ።» ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝ፣ በእብናት በኩል የሚኖሩበትን ደብር ነገሩኝ፤ ቀስ ብለው፣ ጸሐፊ ፊት እንደቆመ ሰው።

እኔ ዓይኔ ከኋላቸው፣ የወንድሜ እጅ ላይ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስለተኛ አውራ ጣቱ አይታየኝም።

«እሺ አባቴ» አልኳቸው። «እሱ ይውጣና፣ ከዚያ የእርስዎን። አሁን እጁን ወደዚህ እንዲያዞር ይንገሩልኝ።»

ነገሩልኝ። ወንድሜ እጁን አነሣ። ንጹሕ ነው። ተመስገን ብዬ ሄድኩ።

ሐሙስ እናቴ መጣች። ቤት ሆና የወንድሜን ልጆች እንድትጠብቅ፣ ከተማ እንዳትመጣ ልኬባት ነበር፤ ምክንያቱም እናቴ ከእኔ የባሰች ናት። ፍርድ ቤቱ ግቢ ስትገባ ነጠላዋን አገልድማ፣ በባዶ እጇ ነበር። ከዛፎቹ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎችና ባለጉዳዮቹ እንደ ወትሮው ተቀምጠዋል። «ዳኛው አሉ?» አለችኝ። አሉ ግን ምንም ማድረግ እንደማይችሉ፣ ወረቀቱ የሚለውን፣ ሁሉንም አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ «ሰውዬውስ?» አለች።

«የትኛው?»

«ልጄን በሕግ አምላክ ብሎ ያቆመው።»

ጊዜው ሲመጣ እንዲህ ነው፤ መልስ ሳልሰጣት ሃምሳ አለቃው አንድ ሌላ እስረኛ፣ መዝገብ ላይ የተጻፈ እስረኛ፣ እየነዳ በበሩ ገባ። ቦቲ ጫማው ተወልውሏል። በአገልዳሚዋ ሴትዮ አጠገብ ሳያያት አልፎ ወደ ደረጃው ሄደ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ ነበር።

«በሕግ አምላክ!» አለች እናቴ።

ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። ሃምሳ አለቃውም ቆመ። አንድ እግሩ ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ። አስቦበት አይደለም፤ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ እሱም በራሱ ተገርሞ ነበር። እናቱ ገበሬ ናት፣ እሱም እንደኛው ከወንድምና ከእህቱ ሲጣላ በዚህ ቃል እየተገላገለ ያደገ ነው። እግሩ ከሱ በፊት ሰምቶ ቆመ።

ወዲያው ግን ሳቅ ለማለት ሞከረ። «ምን ሆኑ እማማ? አሁን እኮ አብዮት ነው። የምን አምላክ ነው የሚጠሩት?»

«አንተው ሰኞ ለት የጠራኸውን ነው» አለች። «ልጄ ቁም ብትለው ቆመልህ። አሁን እኔ ቁም አልኩህ።»

ይሄኔ ከዛፎቹ ሥር ያሉት ባለጉዳዮች መነሣት ጀመሩ። ማንም አላስነሣቸውም። አንዱ ሲነሣ አንዱ፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ደረጃውን ከበው ቆሙ። አንድም የሚጮህ የለም። አንድ ትልቅ ሰው ብቻ በጨዋ ድምፅ «ተጠርተሃል እኮ፣ ልጄ። ሰምተህ መልስ ስጥ እንጂ» አሉት። ሃምሳ አለቃው ሽጉጥ ነበረው። ቢሄድ ማንም አይነካውም ነበር። ነገር ግን መሄድ አቃተው።

«የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው» አለች እናቴ። «ልጄ አንተ ዘንድ አለ ወይስ የለም? ሞቶ እንደሁ ሬሳውን ልውሰድ። የለም በለኝና ልሂድ።»

ሃምሳ አለቃው ወደ በሩ አየ፣ የከበቡትን አየ። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ነበር።

«አለ» አለ በመጨረሻ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ለምርመራ ነው ያለው።»

ቀና ስል ዳኛው በረንዳው ላይ ቆመዋል። መቼ እንደወጡ አላየሁም። እጃቸው ላይ ያ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለ። «ይኸ ደብዳቤ የለም ይላል» አሉ። ዳኛው ግቢውን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ፣ ከንፈራቸውን አራሱ። ከዚያ እንደዚያ በዘገየች ድምፃቸው «በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚህ ይቅረብ» አሉ። ያን ያህል ፍርሃት ያለባቸው ሰው ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበዳቸው ያወቅሁት ስበስል ነው። ያን ጊዜ ግን ሁለት ቀን ዘገዩ ብዬ ስንቴ ረግሜአቸዋለሁ።

ወንድሜን በሁለት ፖሊሶች መሐል አመጡት። በረባሶውን በእጁ ይዟል። ሲራመድ በእግሩ ጠርዝ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያስነካ ነው። ወለሉ ላይ እርጥብ ምልክት ይተዋል። እኔ ከዳኛው በታች ከጽሕፈት መኪናዬ ጋር ተቀምጫለሁ፤ የችሎቱን ቃል የምመታው እኔ ነበርኩ፣ ሌላ ታይፒስት አልነበረንም። አውራ ጣቱን ፈለግሁ። ንጹሕ ነበር። ደስ አለኝ፤ አሁን ሁሉንም ይናገራል፣ እኔም ሁሉንም እመታዋለሁ፣ በሦስት ቅጂ!

ዳኛው ጠየቁት። «በጣቢያው ሳለህ ተመተሃል?»

ወንድሜ ከኋላው የቆመውን ሃምሳ አለቃ አላየም። ፊት ለፊቱን እያየ «አልተመታሁም» አለ።

«እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

«እሾህ ነው።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ጣቴ ቆመ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እሳቸውም ሌላ መልስ ይፈልጉ ነበር። «ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። «አልተመታሁም፤ እሾህ ነው።» የእምነት ቃል ስላልነበረ፣ ማስረጃም ስለሌለ፣ በሰው ዋስ ተለቀቀ። ዋስ የሆነው ገብሱን ሲያጭድለት የነበረው ያው ጎረቤታችን ነው። በሬዎቹ ከወር በኋላ ተገኙ፤ ማኅበሩ ሳይወስዳቸው በፊት የነበራቸው ገበሬ ወንድም በረት ውስጥ፣ በገዛ እግራቸው ሄደው። ይቅርታ ያለን የለም።

እኔ ወንድሜን በበቅሎ ጭነነው ስንወጣ ከተማው መውጫ ላይ ጀመርኩበት። ፈሪ አልኩት፣ ጅል አልኩት። ለእነዚያ ሰዎች ሁሉ፣ ግድግዳ ይዘው ሲነሡ ላየኋቸው ሁሉ አንድ ቃል በመዝገብ ላይ የሚገባባት ቀን ነበረች፣ እሷን በእሾህ ጨረስካት አልኩት። እናቴ «ተይው» አለችኝ። እሱ የበቅሎዋን ጆሮ ብቻ ያያል። ከተማ ተመልሼ አኮረፍኩት፤ እስከ እሑድ ድረስ አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ሰዎች ስለ ፖሊስ ሥልጣን ወሰን ሲከራከሩ እሰማለሁ። ሕገ መንግሥቱ ውስጥም ያችው አርባ ስምንት ሰዓት ተጽፋለች፤ ጥሩ ነው፣ መጻፏ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያኔም ተጽፋ ነበር። እኔ ራሴ ነበርኩ የመታኋት። ሰዓት በራሱ አይቆጥርም፤ የሚቆጥርልህ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ለዘመዱ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ መንደር ወረድኩ። እናቴ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውኃ እያጠበችው ነበር። ያን ጊዜ አየሁት፤ ስለ እሱ አልጽፍም። አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ እንደ ማባበል ብሎ ነገረኝ።

«ሐሙስ ጠዋት ዳኛ ፊት ልትቀርብ ነው ሲሉኝ ሃምሳ አለቃው ሽማግሌውን አስነሣቸው። አንገታቸውን ይዞ፣ ‹ዳኛ ፊት አፍህን ብትከፍት የቀረህን ግርፋት የሚቀበሉልህ እኚህ ናቸው› አለኝ። ምን ልበል እንግዲህ? ዳቦ እያጎረሱኝ፣ ገርፈው ሲመልሱኝ ራሴን ጭናቸው ላይ እያደረጉ ያሳደሩኝ ሰው ናቸው።»

ለሽማግሌው ቃል የገባሁላቸው አቤቱታ ትዝ አለኝ። ነገ ብዬ ተነሣሁ፣ ነገ ጠዋት።

ሰኞ ከማንም በፊት ቢሮ ገባሁ። ወረቀት ሦስት ከነካርቦኑ መኪናው ውስጥ ከተትኩ። ያ ሁሉ የሕጉ ገጽ በቃሌ ነው፤ ጣቴ ሮጠ። በልጅ ጥፋት አባት እንደማይታሰር ጻፍኩ፣ ያለ መዝገብ ሦስት ሳምንት ማለፉን ጻፍኩ፣ ጣቢያው የለም ቢል እንዳይታመን፣ ባለፈው ሳምንት የተደረገውን ጠቅሼ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ጥሩ አቤቱታ ከዚያ በፊትም በኋላም አልጻፍኩም። ከዚያ ወደ ራስጌው ተመለስኩ፤ የታሳሪው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ደረስኩና ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ቀረ።

ድምፃቸው ትዝ ይለኛል። ጋቢያቸው ትከሻው ላይ የተጣፈ መሆኑ ትዝ ይለኛል። ደብሩ የማርያም መሆኑ ትዝ ይለኛል፤ በእብናት ዙሪያ ስንት ማርያም አለ! ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። ዘቡ «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አልነበረም» አለኝ። በስተኋላ ዞሬ በመስኮቱ አየሁ፤ ክፍሉ ተጠርጎ፣ ውኃ ተደፍቶበት ነበር። ሰው ልኬ ወንድሜን አስጠየቅሁት። «አባቴ ነበር የምላቸው» ብሎ ላከብኝ። «እዚያ ውስጥ ስም አንጠያየቅም። ያላወቅከውን በግርፋት አያወጡብህም።»

ወረቀቱን እንዳለ፣ ራስጌው ባዶ እንደሆነ፣ ለዳኛው አቀረብኩ። በዚያን ቀን ደፋር ነበሩ፤ እስክሪብቶአቸውን አንሥተው ነበር። ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ከዚያ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ነኩት።

«ማን ይቅረብ ብዬ ልዘዝ?» አሉኝ።

ስማቸውን ነግረውኝ ነበር። ከነአባታቸው ነግረውኝ ነበር።